የሠራተኞችን የእንቅልፍ ጤና በመጠይቅ መለካት፦ በሐዋሳ ለሚሠሩ የሥራ ቦታ ጤና ባለሙያዎች

በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የስፌት መስመር ላይ የሚሠሩ ወጣት ሴቶች፣ በሐይቁ ዳር ሆቴሎች እንግዳ ሲቀበሉ የሚያድሩ ሠራተኞች፣ በሆስፒታል ተረኛ ነርሶች፣ ጎሕ ሳይቀድ ባጃጃቸውን የሚያስነሡ አሽከርካሪዎችና ሊነጋጋ ሲል መረባቸውን ለመሰብሰብ ወደ ሐይቁ የሚወጡ ዓሣ አስጋሪዎች አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር አለ፤ የሥራቸው ሰዓት የእንቅልፋቸውን ሰዓት ይወስናል። እንቅልፍ ያጣ ሰው በስፌት መኪና፣ በመድኃኒት መጠን ወይም በመሪ ላይ የሚፈጽመው ስሕተት ራሱንም ሌላውንም ሊጎዳ ስለሚችል፣ እንቅልፍን መለካት የሥራ ደኅንነት አካል ነው። ሌሊቱን ሙሉ የአንጎል ሞገድን፣ የዐይን እንቅስቃሴንና አተነፋፈስን የሚመዘግበው የላቦራቶሪ ምርመራ ለብዙ መቶ ሠራተኞች የሚዳረስ ባለመሆኑ፣ በተግባር በእጃችን ያለው መሣሪያ መጠይቅ ነው። መጠይቅ ደግሞ የሚለካው ሠራተኛው የተረዳውንና ለመናገር የደፈረውን ያህል ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ይህ መመሪያ ከነጥብ አደማመሩ ይልቅ ለአጠያየቁ ሰፊ ቦታ ይሰጣል።

ምን እንደሚለኩ አስቀድመው ይወስኑ

የእንቅልፍ ጤና ማለት የእንቅልፍ ሕመም አለመኖር ብቻ አይደለም። አሜሪካዊው ተመራማሪ ዳንኤል ባይስ በ2014 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ጽሑፍ የእንቅልፍ ጤናን በበርካታ ገጽታዎች እንድንመለከተው አድርጓል፤ በእንቅልፍ መርካት፣ ቀን ላይ ነቅቶ መዋል፣ የሚተኙበት ሰዓት ተገቢነት፣ በመኝታ ላይ ካሳለፉት ጊዜ ምን ያህሉን በእንቅልፍ እንዳሳለፉ እና የእንቅልፉ ርዝመት። በኋላ ላይ የመኝታና የመነሻ ሰዓት መደበኛነት ተጨምሮ ገጽታዎቹ ስድስት ሆነዋል። ከዚሁ ሐሳብ የተወለደው ሩሴትድ የተባለው አጭር መጠይቅ ስድስት ጥያቄዎች ብቻ ያሉት ሲሆን፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 2፣ ድምሩም ከ0 እስከ 12 ነጥብ ይሰጠዋል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በሩሴትድ ከፍ ያለ ነጥብ ጥሩ እንቅልፍን ሲያመለክት፣ ከዚህ በታች በተጠቀሱት ሌሎች መጠይቆች ሁሉ ከፍ ያለ ነጥብ ችግርን ያመለክታል። ሁለቱን በአንድ ሠንጠረዥ የሚያቀርብ ሰው አቅጣጫቸውን በግልጽ ካልጻፈ አንባቢውን ያሳስታል።

የአንድን ፋብሪካ ሠራተኞች አጠቃላይ የእንቅልፍ ጥራት ማወቅ ከፈለጉ፣ በብዛት የሚሠራበት የፒትስበርግ የእንቅልፍ ጥራት መለኪያ ነው። በ1989 እ.ኤ.አ. የታተመው ይህ መጠይቅ ያለፈውን አንድ ወር የሚጠይቅ ሲሆን፣ ነጥብ የሚሰጣቸው 19 ጥያቄዎች በሰባት ክፍሎች ይጠቃለላሉ። እያንዳንዱ ክፍል ከ0 እስከ 3፣ ጠቅላላው ከ0 እስከ 21 ይሆናል፤ ከ5 በላይ የሆነ ድምር የእንቅልፍ ጥራት ጉድለትን ያመለክታል። መጠይቁ በኢትዮጵያውያን ጎልማሶች ላይ ተፈትሾ ውጤቱ በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ በመሆኑ፣ ለእኛ ሁኔታ ከብዙዎቹ ይልቅ መነሻ ያለው ነው።

ጥያቄዎ ስለ እንቅልፍ ማጣት ብቻ ከሆነ የእንቅልፍ እጦት ክብደት መለኪያ ይበልጥ ይስማማል። በካናዳዊው ቻርልስ ሞሪን የተዘጋጀው ይህ መለኪያ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት በሰባት ጥያቄዎች የሚጠይቅ ሲሆን ከ0 እስከ 28 ነጥብ አለው፤ ከ15 ጀምሮ ያለው ውጤት መካከለኛና ከባድ የእንቅልፍ እጦትን ያሳያል። ቀን ላይ የሚመጣውን ድብታ ለመለካት መሬይ ጆንስ በ1991 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ ያወጣው የኤፕዎርዝ የድብታ መለኪያ አለ፤ በስምንት ሁኔታዎች ውስጥ የማንጎላጀት ዕድልን ከ0 እስከ 3 የሚያስገምት ሲሆን፣ ከ24 ነጥብ ከ10 በላይ ያገኘ ሰው ከመጠን ያለፈ ድብታ እንዳለበት ይወሰዳል። በእንቅልፍ ውስጥ የአየር መተላለፊያ መዘጋትን ለመጠርጠር ደግሞ ስቶፕባንግ የተባለው ስምንት የአዎን ወይም የአይደለም ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ ይበቃል፤ 5 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው ከፍተኛ ተጋላጭ ነው።

አምስቱንም በአንድ ጊዜ ማስሞላት ግን አልመክርም። ስምንት ሰዓት ቆማ የሠራች ሴት በምሳ እረፍቷ ላይ ረጅም ወረቀት ሲሰጣት የመጨረሻዎቹን ጥያቄዎች ሳታነብ ምልክት ብታደርግባቸው ጥፋቱ የእርሷ ሳይሆን የጠያቂው ነው። ለስፌት ሠራተኞች የፒትስበርጉ፣ ለባጃጅና ለከባድ መኪና አሽከርካሪዎች የኤፕዎርዙና ስቶፕባንግ፣ ለፈጣን ዳሰሳ ሩሴትድ በቂ ናቸው። መጠይቆቹ ባለመብት ያላቸው ስለሆኑ ከመተርጎምና ከማባዛት በፊት ፈቃድ መጠየቅ ይገባል።

ሰዓትን መጠየቅ

የፒትስበርጉ መለኪያ አራት የቁጥር መልሶችን ይፈልጋል፦ የመኝታ ሰዓት፣ እንቅልፍ እስኪወስድ የሚፈጀው ደቂቃ፣ የመነሻ ሰዓት እና በትክክል የተተኛው ሰዓት ብዛት። እኔ በበኩሌ ከመጠይቁ ሁሉ ትልቁ ጥንቃቄ ሊደረግበት የሚገባው ይህ ክፍል ነው እላለሁ። ሠራተኛዋ «አራት ሰዓት ላይ ነው የምተኛው» ስትል ከምሽቱ 4 ሰዓት ማለቷ ነው፤ በእጇ ያለው ስልክ ግን ያንኑ ሰዓት 10 ወይም 22 ብሎ ሊያሳያት ይችላል፤ የፈረቃ ሰሌዳዋም በውጭ አቆጣጠር ተጽፎ ሊሆን ይችላል። አንዷ በአንዱ፣ ሌላዋ በሌላው አቆጣጠር ከመለሱ የስድስት ሰዓት ልዩነት ሳይታወቅ ወደ መረጃው ይገባል።

መፍትሔው ሠራተኛው በሚናገርበት አቆጣጠር ብቻ መጠየቅ ነው። ከእያንዳንዱ የሰዓት ክፍት ቦታ አጠገብ «ከጧቱ»፣ «ከቀኑ»፣ «ከምሽቱ» እና «ከሌሊቱ» የሚሉ አራት ሳጥኖችን ያኑሩ፤ ቁጥሩ ያለ ሳጥኑ ተቀባይነት እንደሌለው ለጠያቂዎች ያስረዱ። የእኛ አቆጣጠር ለዚህ ሥራ የሚሰጠው ጥቅምም አለ። ሌሊቱ ከ12 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ያለ መቋረጥ ስለሚሄድ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኝቶ ከሌሊቱ 11 ሰዓት የተነሣ ሰው በመኝታ ላይ የቆየበትን ጊዜ ለማወቅ ከ11 ላይ 4 መቀነስ ብቻ ይበቃል። በውጭው አቆጣጠር ግን እኩለ ሌሊትን መሻገር የሚፈጥረው የሒሳብ ስሕተት የተለመደ ነው። ማስታወስ ያለብዎት 12 ሰዓት እንደ ዜሮ መቆጠሩን እና ከቀን ወደ ምሽት ወይም ከሌሊት ወደ ቀን የሚሻገር እንቅልፍ ሲያጋጥም በመነሻው ሰዓት ላይ 12 መደመር እንዳለበት ነው፤ ለምሳሌ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኝቶ ከምሽቱ 3 ሰዓት የተነሣ ሰው 15 ሲቀነስ 11፣ ማለትም 4 ሰዓት በመኝታ ላይ ቆይቷል።

መረጃውን በታብሌት ወይም በስልክ ከሰበሰቡ፣ የመሣሪያው የሰዓት መምረጫ በአብዛኛው በውጭው አቆጣጠር የተሠራ ስለሆነ አይጠቀሙበት። ቁጥሩን በአንድ መስክ፣ የቀኑን ክፍል በሌላ መስክ ያስገቡና ልወጣውን በኋላ አንድ ሰው በአንድ ቀመር ይሥራው። በቀመሩ 12 እንደ ዜሮ ተቆጥሮ ለጧትና ለቀን ሰዓት 6፣ ለምሽትና ለሌሊት ሰዓት 18 ይደመራል፤ ድምሩ 24 ሲሞላ ወይም ሲያልፍ 24 ይቀነሳል። ጠያቂዎች በየግላቸው በቃል እንዲለውጡ መተው ፈጽሞ አይገባም።

የጥያቄው አነጋገርም የሰዓቱን ያህል ያሳስባል። «ስንት ሰዓት ይተኛሉ?» የሚለው ጥያቄ አንዱን ስለ መጋደም፣ ሌላውን ስለ እንቅልፍ ያስመልሳል፤ አንዳንዱም የሰዓቱን ብዛት የተጠየቀ ይመስለዋል። በምትኩ «መብራት አጥፍተው ለመተኛት መኝታዎ ላይ ጋደም የሚሉት ከስንት ሰዓት ላይ ነው?» እና «ከተጋደሙ በኋላ እንቅልፍ እስኪወስድዎ ስንት ደቂቃ ያህል ይፈጃል?» ብለው ለይተው ይጠይቁ። ብዙ ሠራተኞች ፍራሽ መሬት ላይ ዘርግተው ስለሚተኙ «አልጋ» ከማለት «መኝታ» ማለት ይሻላል። መብራት ማጥፋቱም የተጠቀሰው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ተጋድሞ ስልክ ሲመለከት አንድ ሰዓት የሚያሳልፍ ሰው ያ ጊዜ ከተቆጠረበት እንቅልፉ ከእውነተኛው በላይ የከፋ ይመስላል።

በፈረቃ የሚሠሩትን ለይቶ መጠየቅ

የፒትስበርጉ መለኪያ «ብዙውን ጊዜ» እያለ ይጠይቃል። አንድ ሳምንት ቀን፣ ሌላ ሳምንት ሌሊት ለሚሠራ ሰው ግን «ብዙውን ጊዜ» የሚባል ሰዓት የለም። ሲጨንቀው አማካዩን ገምቶ ይጽፋል፤ አማካዩ ደግሞ በእውነት ተኝቶበት የማያውቀው ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ የሰዓት ጥያቄዎቹን ለቀን ፈረቃ፣ ለሌሊት ፈረቃና ለዕረፍት ቀን በሦስት ዓምድ ይጠይቁ፤ ነጥቡን ለእያንዳንዱ ፈረቃ ለብቻው ያስሉ፤ ሲዘግቡም መጠይቁን ከመደበኛው አሠራር ለውጠው እንደተጠቀሙበት ይግለጹ። መሥራት ከቻሉ ለጥቂት ሠራተኞች የአንድ ወይም የሁለት ሳምንት የእንቅልፍ ማስታወሻ ይስጡና በየጧቱ እንደተነሡ ያስሞሉ፤ ማስታወሻው ከወር ትዝታ ይልቅ ታማኝ ነው።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ይሁንና እንቅልፍን የሚሸረሽረው መደበኛው ሰዓት ብቻ አይደለም፤ ትርፍ ሰዓትና ሰርቪስ ለመያዝ የሚደረገው ጉዞም አለ። ከቤት የሚወጡበትንና ወደ ቤት የሚመለሱበትን ሰዓት መጠየቅ የሥራ ሰዓትን ብቻ ከመጠየቅ የበለጠ ያስረዳል።

ቋንቋ፣ ቤትና ወቅት

ሐዋሳ የሲዳማ ክልል መቀመጫ ናት፤ ወደ ፓርኩ የሚመጡት ሠራተኞች ብዙዎቹ ሲዳምኛ ወይም ወላይትኛ አፋቸውን የፈቱ ናቸው። በአማርኛ ብቻ የተዘጋጀ ወረቀት አማርኛን በትምህርት ቤት ለተማረች ወጣት ለፈተና የቀረበ ያህል ሊያስፈራ ይችላል። ትርጉሙ በአንድ ሰው ተሠርቶ ዋናውን ባላየ ሌላ ሰው ወደ ነበረበት ቋንቋ ይመለስ፤ ሁለቱ ይነጻጸሩ። ከዚያም ጥቂት ሠራተኞች ጥያቄውን ሰምተው በራሳቸው አነጋገር ምን እንደተጠየቁ ይናገሩ። ይህን የመጨረሻውን ደረጃ ጊዜ አጠረን ብለው የሚዘሉት ብዙዎች ናቸው፤ ለእኔ ግን ከሁሉም የማይዘለል እርሱ ነው፤ የኤፕዎርዙ መለኪያ «ትራፊክ ይዞት ለጥቂት ደቂቃ በቆመ መኪና ውስጥ» ሲል ሠራተኛዋ ሰርቪሷን ይሁን ሚኒባስ እንዳሰበች የሚታወቀው በዚህ መንገድ ብቻ ነው። መለኪያው አንድን ሁኔታ በቅርቡ ላላጋጠመው ሰው «ቢያጋጥምዎ ምን ይሆኑ ነበር?» ብሎ እንዲገምት ስለሚያዝዝ፣ ቴሌቪዥን የሌላት ሠራተኛ ጥያቄውን እንድትዘለው አይደረግም።

ቤቱም በመልሱ ውስጥ አለ። በኪራይ ክፍል ሦስትና አራት ሆነው የሚኖሩ ሠራተኞች አንዷ ከሌሊት ፈረቃ ስትገባ ሌላዋ ለጧት ፈረቃ ትነሣለች። የፒትስበርጉ መለኪያ ለመኝታ ተጋሪ የሚያቀርባቸው አምስት ጥያቄዎች ነጥብ አይሰጣቸውም፤ ሆኖም ስለ ማንኮራፋትና ስለ ትንፋሽ መቋረጥ የክፍል ጓደኛ የምትሰጠው ምስክርነት ለሐኪም ዋጋ አለው። «ሌላ ምክንያት» የሚለውን ክፍት ጥያቄ ጠያቂው በችኮላ እንዳያልፈው አደራ ማለት ይገባል፤ የወባ ትንኝ፣ የድምፅ ማጉያ፣ የሕፃን ለቅሶ፣ የክፍል ጓደኛ ፈረቃ፣ ሙቀት የሚመዘገቡት እዚያ ነው። ሌሊት ለመጸዳጃ መነሣትም ግቢውን ሁሉ አቋርጣ የጋራ መጸዳጃ ቤት ለምትሄድ ሴት እንቅልፏን ጨርሶ የሚያበላሽ ነው። እነዚህን ምክንያቶች በተለየ ዝርዝር ይመዝግቡ እንጂ በድምሩ ላይ ተጨማሪ ነጥብ አድርገው አይጨምሯቸው፤ ከጨመሩ ውጤትዎ ከማንም ውጤት ጋር አይነጻጸርም። የቡና መጠጫ ሰዓትንና ጫትን የሚመለከቱ ጥያቄዎችም በሌላ ገጽ ይሁኑ፤ ካፌይን ከሰውነት ግማሹ ለመውጣት 5 ሰዓት ያህል ስለሚፈጅበት መጠየቅ ያለበት የሲኒው ብዛት ብቻ ሳይሆን የመጨረሻው ሲኒ ሰዓት ነው።

«ያለፈው አንድ ወር» የትኛው ወር እንደሆነ ያስቡበት። በረመዳን ለሱሁር የሚነሣ ሰው፣ በሰሙነ ሕማማት በቤተ ክርስቲያን የሚሰነብት ሰው፣ በፍቼ ጨምበላላ በዓል ሰሞን ወደ ቤተሰቡ የተመለሰ ሰው ስለ ተለመደው እንቅልፉ ሊነግርዎ አይችልም። እነዚህን ወቅቶች ማሳለፍ፣ ካልተቻለም ቀኑን መዝግቦ በዘገባው መግለጽ ያስፈልጋል።

ለመናገር የማያስፈራ ሁኔታ

በሥራዋ ላይ እንደምታንጎላጅ ያመነች ሠራተኛ ወረቀቱ ተቆጣጣሪዋ እጅ ይገባል ብላ ከሠጋች ሁሉንም ጥያቄ «በጭራሽ» ብላ ትመልሳለች። ይህ መልስ በመረጃው ውስጥ ጤናማ እንቅልፍ መስሎ ይገባል፤ ከሁሉ የሚያሳዝነውም በጣም የተጎዱት ሰዎች ደኅና መስለው መቆጠራቸው ነው። ስለዚህ ተቆጣጣሪ በሌለበት ክፍል ይጠይቁ፤ ከስም ይልቅ መለያ ቁጥር ይጠቀሙ፤ ስምና ቁጥርን የሚያገናኘውን ዝርዝር ከድርጅቱ ውጭ ያስቀምጡ። ለአሠሪው የሚቀርበው ውጤት የቡድን ብቻ ይሁን፤ ከ10 ሰው በታች ያለበት የሥራ ክፍል ለብቻው አይዘገብ። ሥራው ጥናት ከሆነ የሥነ ምግባር ገምጋሚ ቦርድ ፈቃድ መቅደም አለበት። ማንበብ ለማይችሉ ሠራተኞች በቃል ሲጠየቅ፣ የትኛው መጠይቅ በቃል፣ የትኛው በራስ እንደተሞላ ይመዝገብ፤ ሰው ፊት ለፊት የሚሰጠው መልስ ብቻውን ከሚሞላው ይለያልና።

ነጥብ አሰጣጥ በምሳሌ

አንዲት የስፌት ሠራተኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት ትጋደማለች፤ እንቅልፍ እስኪወስዳት 40 ደቂቃ ይፈጃል፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ትነሣለች፤ በትክክል የምትተኛው 5 ሰዓት ተኩል ነው እንበል። በመኝታ ላይ የቆየችው 7 ሰዓት ነው። 5.5 ለ7 ተካፍሎ በ100 ሲባዛ 79 በመቶ ያህል ይሆናል፤ 85 እና ከዚያ በላይ 0፣ ከ75 እስከ 84 ደግሞ 1 ስለሚሰጠው በዚህ ክፍል 1 ታገኛለች። የእንቅልፍ ርዝመቷ ከ5 እስከ 6 ሰዓት ባለው ውስጥ ስለሚወድቅ 2 ነጥብ ነው። 40 ደቂቃው 2 ይሰጠዋል፤ በ30 ደቂቃ ውስጥ እንቅልፍ አለመውሰዱ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ካጋጠማት ሌላ 2 ይጨመራል፤ ድምሩ 3 ወይም 4 ሲሆን የክፍሉ ነጥብ 2 ነው። በእንቅልፍ መቆራረጥ 1፣ በቀን ሥራ መቸገር 1፣ በራሷ ግምት 1፣ በእንቅልፍ መድኃኒት 0 ብታገኝ ጠቅላላው 8 ይሆናል፤ ከ5 በላይ ነው።

ከመደመርዎ በፊት ስሕተትን የሚያጋልጥ አንድ ቀላል ማጣሪያ አለ። ተኝቶ ያሳለፈው ጊዜ በመኝታ ላይ ከቆየበት የሚበልጥ፣ ማለትም ከ100 በመቶ በላይ የሆነ ውጤት ካገኙ፣ ወይ ሰዓቱ በሁለት አቆጣጠር ተቀላቅሏል፣ ወይ ጥያቄው አልተረዳም። እንዲህ ያለውን መልስ 100 ብሎ ከማስተካከል ይልቅ ወደ ሠራተኛው ተመልሶ መጠየቅ ትክክል ነው።

ውጤቱን ማንበብ

መጠይቅ ያጣራል እንጂ የሕመም ምርመራ ውሳኔ አይሰጥም። ሰዎች የእንቅልፋቸውን ርዝመት አብዝተው መገመታቸውም የታወቀ ነው፤ በ2008 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በታተመ ጥናት በእጅ ላይ በሚታሰር መለኪያ 5 ሰዓት የተኙ ሰዎች በአማካይ 1.2 ሰዓት ጨምረው ሲናገሩ፣ 7 ሰዓት የተኙት የጨመሩት 0.4 ሰዓት ብቻ ነበር። ስለዚህ ለአዋቂ ሰው ከሚመከረው 7 ሰዓትና ከዚያ በላይ ጋር ስናነጻጽር፣ 6 ሰዓት እተኛለሁ የሚል ሠራተኛ ከዚያ ያነሰ ሊተኛ እንደሚችል ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ከፍተኛ ውጤት ያገኘ ሰው ወዴት እንደሚላክ ይወስኑ። በመሪ ላይ ማንጎላጀቱን የተናገረ አሽከርካሪ የነጥብ ድምር ሳይጠበቅ በዚያው ዕለት ምክር ማግኘትና ወደ ሐኪም መላክ አለበት። በስቶፕባንግ ከፍተኛ ተጋላጭ የሆነው፣ በእንቅልፍ እጦት መለኪያ 15 እና ከዚያ በላይ ያገኘው፣ ከእንቅልፍ ማጣት ጋር የሐዘን ስሜትና የተስፋ መቁረጥ ምልክት ያለበትም እንዲሁ የጤና ተቋም ይላክ። ለዘለቀ የእንቅልፍ እጦት በመጀመሪያ የሚመከረው ሕክምና መድኃኒት ሳይሆን የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና መሆኑን ለሠራተኛው መንገር፣ በራሱ ጊዜ የእንቅልፍ ክኒን ፍለጋ እንዳይሄድ ይረዳል።

ለድርጅቱ ሲያቀርቡ ጠቅላላ ድምሩን ብቻ አይስጡ። ሁለት የሥራ ክፍሎች እኩል ድምር ኖሯቸው፣ የአንደኛው ችግር የእንቅልፍ ማጠር፣ የሌላው በሌሊት መንቃት ሊሆን ይችላል፤ የመጀመሪያው የሰርቪስና የፈረቃ ሰሌዳ ለውጥን ሲጠይቅ፣ ሁለተኛው አጎበርና ጸጥታ ያለበትን ማደሪያ ይጠይቃል። የፈረቃ ሰሌዳው ከተለወጠ በኋላ ዳግመኛ ሲለኩ በዚያው የትርጉም ቅጂ፣ በዚያው የአጠያየቅ መንገድና በተመሳሳይ ወቅት ይሁን፤ ለዚህም ሲባል ከድምሩ ጋር የእያንዳንዱ ጥያቄ ጥሬ መልስ፣ የቀኑ ክፍል ሳጥንና መጠይቁ የተሞላበት ፈረቃ በመረጃ ቋቱ ውስጥ ሳይሰረዙ ይቀመጡ።